ግዙፉ ሰው የረቀቀበት ዓመት

ባለፈው ሰኔ ሞጣ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከአጥሩ ጥግ አዲስ የመብራት ምሰሶዎች ተከምረው አየሁ። ፀሐይዋ ስትበረታባቸው ቅባታቸውን ለቀቁት፤ ያንን ምስጥ እንዳይበላቸው የሚነከሩበትን ጥቁር ቅባት። ሬንጅና ናፍጣ ከባሕር ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አጠገቤ የነበረችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ጠጋ ብዬ ደህና አድርጌ አሸተትኩት። አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ሽታው ቀጥ አድርጎ የወሰደኝ ቢቸና ስድስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ነው። ትሑት ሆኜ ልናገር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያን ዓመት ከቢቸና ልጆች ሁሉ ከባዱን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አክል ነበር። ከኋላ ወንበር ያስቀመጡኝ ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ከፊት ስቀመጥ ሰሌዳውን ሦስት ልጆች ላይ ስለምጋርድባቸው ነው። ስሜ የዝና ቢሆንም ልጆቹ የሚጠሩኝ ጎተራ እያሉ ነበር። መልስ አልሰጥም ነበር። ጎተራ ባዶ እስካልሆነ ድረስ ምን ነውር አለው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

መምህር ዳኛቸው ያን ዓመት ከኮሌጅ ወጥቶ እንግሊዝኛ ሊያስተምረን የመጣ የሞጣ ልጅ ነው። መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ነበርና አልበቃ ሲለው ከአንድ የቆየ መጽሔት የተቀደደ ገጽ አምጥቶ ሰሌዳው ላይ ገለበጠልን። ከዚያ ያን ወፍራም መዝገበ ቃላቱን ክንዱ ላይ አጋድሞ፣ ቃል በቃል እየፈለገ ተረጎመው።

ታሪኩ ዊንስተን ስለሚባል ሰው ነው። የተወለደው ካሪቢያን በሚባል ባሕር ውስጥ ካለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። እናቱ ዓሣ ትሸጥ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ አክስቱ ዘንድ አሜሪካ ሄደ፤ እዚያም ሰውነቱ ትልቅ ስለነበር የትምህርት ቤቱ ወንበር አልበቃው አለ። እስከዚህ ትርጉሙ ምንም እንከን አልነበረውም። እኔም ሰውየውን የወደድኩት ከወንበሩ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ግን መዝገበ ቃላቱ ነው ያመጣው። ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ተጻፈ፤ እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። «ዊንስተን የመስመር ሠራተኛ ሆነ። በሰባተኛው ዙር ተረቀቀ። ሁለት ዓመት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት የኳርተርባክን ዕውር ጎን ጠበቀ። የመስመር ሠራተኛ ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው።»

ኳርተርባክ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስላልተገኘ እንዳለ ቀረ። እኛ ደግሞ የሰው ስም ነው ብለን ወሰድነው፤ አቶ ኳርተርባክ የሚባል ዓይነ ስውር። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ የመስመር ሠራተኛ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህር ዳኛቸው ሳያመነታ የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ ሰው እንደሆነ ነገረውና ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመ። «እንደ የዝና አባት» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ገጹን ከፍ አድርጎ ሥዕሉን አሳየን። ሰውየው ጭንቅላቱ ላይ ጠንካራ ቆብ ደፍቷል፤ እጁ ላይ ጓንት አለ፤ እግሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆሟል። አባቴ ቢጫ ቆብና ጓንት አለው። ምሰሶ ሊገፋ ሲል የሚቆመውም ልክ እንደዚያ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ያን ቀን ጎተራ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

ቤት ስደርስ አባዬ እጁን በላምባ እየታጠበ ነበር፤ ያ ቅባት በሳሙና አይለቅም። አንተስ በስንተኛው ዙር ነው የረቀቅከው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ በፈተና ነው የተቀጠርኩት አለኝ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስነግረው ግን እጁን መታጠብ አቆመ። ከተማው አባዬን የሚያውቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ያኔ ከየቤቱ «ኧረ አለልኝን ጥሩት!» ይባላል፤ መብራቱ ሲመጣ አለልኝ የሚል አይገኝም። «ይኼን የጻፈው ሰውዬ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ያውቃል» አለ አባዬ፣ በእርግጠኝነት።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ከልቤ የያዝኩት ምክንያት ነበረኝ። ጎረቤታችን የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ።

የኔታ በደብረ ወርቅ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲከዳቸው የእህታቸው ልጅ እትዬ ማንጠግቦሽ ቢቸና አምጥተው ቤታቸው አስቀመጧቸው። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሄዳሉ፤ እዚያ የቅኔ ተማሪዎች የዘረፉትን ያሰሟቸዋል፣ እሳቸው ያርማሉ። በትራቸውን ይዞ የሚመራቸው የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ነበር። ክረምት ላይ በትሩ ከእጁ አምልጦት የኔታ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወደቁና ዳሌያቸውን ተጎዱ። መስከረም ላይ ልጁ ለትምህርት ሞጣ ሲሄድ ሥራው በአጥር ተሻግሮ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከሰዓት ባዶ ነኝ፤ ጉልበትም አላት ተባለ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ሲያስረክቡኝ ነገሩን አልደበቁኝም። የኔታ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ ከቤት አይወጡም፤ ግንደወይን አጠገብ ገጠር ያለው የእትዬ ማንጠግቦሽ ወንድም ወስዶ ከቤቱ ያስቀምጣቸዋል። ክፉ ሴት አልነበሩም። ሽማግሌ ሲወድቅ የምትወቀሰው ሴት ናት፤ ይህንን ያውቁ ነበር።

የኔታም ያውቁ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ላይ ሳለን ሳልጠይቃቸው አወሩኝ። ወንድምየው ደግ ሰው ነው፣ ማሩም መልካም ነው አሉ። «ነገር ግን እዚያ ቅኔ የሚዘርፍልኝ ማን ነው? በሬው?» ሊስቁ ብለው ተዉትና የበትሩን ጫፍ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ሽማግሌ ሲፈራ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ እኔም አብሬ ፈራሁ።

ስለዚህ የዊንስተንን ታሪክ በሰማሁ ማግስት የአመራሩን ሥርዓት ለወጥኩት። ዓይነ ስውር በእኛ አገር የሚመራው በበትር ነው፤ መሪው ከፊት የበትሩን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ ዓይነ ስውሩ ይከተላል። እኔ በትሩን አስቀምጬ በግራቸው፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ቆምኩ። በግራ የሆነው ባጃጁም ቦዩም በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩና ሄድን።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከበር ላይ ሆነው ዕውር ይመራል እንጂ እንደ ሙሽራ ይታጀባል ወይ ብለው አላገጡ። የኔታ ግን እስከ መታጠፊያው ሄዱና ቆሙ። «በበትር ስጎተት እግሬን ብቻ ነበር የማስበው። አሁን ወሬም መስማት ይቻላል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ለመንገድ የዊንስተንን ታሪክ እነግራቸው ነበር። ስሙ ለአፋቸው አልተመቸምና ወልደ ደሴት አሉት፤ የደሴት ልጅ ማለታቸው ነው። ተረቀቀ የሚለው ላይ ስደርስ መንገዱ መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ ባጃጅ ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ እሳቸው ምንም አይሰሙም።

«ምን አልሽ? ተረቀቀ?»

«አዎ የኔታ፤ በሰባተኛው ዙር።»

«መልአክ ረቂቅ ነው። ነፍስ ረቂቅ ናት። ወንበር ያልቻለው ግዙፍ ሰው እንዴት ሆኖ ይረቅቃል?»

እኔ ምን አውቃለሁ። በሰባተኛው ዙር መሆኑን ደግሜ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ነገሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ግቢው እስክንደርስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እንደተቀመጡ ጥያቄውን ለተማሪዎቹ ጣሉት። ሳምንቱን በሙሉ የቅኔ ተማሪዎች በግዕዝ ወልደ ደሴትን ሲዘርፉት ሰነበቱ። አንዱ ግዙፉ የረቀቀው ከዕውር ጎን ሲቆም ራሱን ስለረሳ ነው ብሎ ቋጠረውና የኔታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። እኔ ግዕዝ አልሰማም፤ በአማርኛ ሲተረጉሙልኝ ግን ስለ እኔ የሚያወሩ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ስለነበር አላረምኳቸውም።

አንድ ጨዋታም ነበረን። ያ የጎርፍ ቦይ ጋ ስንደርስ የኔታ «ማነው በግራዬ?» ይላሉ። የመስመር ሠራተኛ ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ስለሆነ እኔ ስሜን አልናገርም። «ስም አይጠራም» እላለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ቀን ይህን ሰምተው አማተቡ፤ ስም የማይጠራው ሰይጣን ነው አሉ። የኔታ ደግሞ በስሜ ቅኔ መቋጠር ያምራቸው ነበርና «ስሟ የዝና፣ ሥራዋ ያለ ዝና» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለፉ፤ የኔታ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፉም። ከዊንስተን አሥራ አንድ ዓመት ላይ ሦስት ወር ሠርቻለሁ ብዬ እቆጥር ነበር።

የገና ዋዜማ ገበያው ከከብት ተራው አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። እንደ አቅማችን ጥግ ጥጉን ይዘን ስንሄድ ከግራ በኩል ጩኸት ሰማሁ። አንድ ቀይ በሬ ገመዱን በጥሶ፣ ገመዱ አንገቱ ላይ እየተንጠለጠለ ቁልቁል ይመጣል። ሰዉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተበተነ። የኔታን ልጎትት ብል እግራቸው ተጠላልፎ ይወድቃሉ፤ ከወደቁ ደግሞ ግንደወይን ናቸው። ይህንን ያሰብኩት ያኔ ነው፣ በኋላ የጨመርኩት አይደለም። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሳሁና እንዳይንቀሳቀሱ ነገርኳቸው። ከዚያ ከፊታቸው ወደ ግራ ወጥቼ እግሬን ከፈትኩ፣ ጉልበቴን ሸብረክ አደረግሁ፣ መዳፌን ዘረጋሁ።

በሬው አየኝ። ለማለፍ ትንሽ ጠመም አለ፤ ጎኑ ግን ትከሻዬን አገኘውና አንስቶ ቦዩ ውስጥ ወረወረኝ። ስነሣ ግራ እጄ የእኔ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ቀና ብዬ ያየሁት የኔታን ነው። ቆመዋል። ጥምጥማቸው እንኳ አልተዛነፈም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከበርበሬ ተራ እየሮጡ ደረሱና ወደቁ ወይ ብለው ጮኹ።

«እኔ አልወደቅሁም» አሉ የኔታ። እጃቸው አየሩ ላይ ትከሻዬን ይፈልግ ነበር። «የወደቀችው እሷ ናት። የት አለች?»

ሥራዬን በሚገባ ሠርቻለሁ ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ሆኖም እትዬ ማንጠግቦሽ እኔን ከቦዩ ሲያወጡኝ ፊታቸው አመድ መስሏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያሉ ነበር። ወጌሻው ትከሻዬን መልሶ ሲያስገባ በጩኸቴ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ያን ቀን በከተማው ያልተጠራ የእኔ ስም አልነበረም። ያቺ ጎተራ፣ የአለልኝ ልጅ፣ የዝና፤ የኔታን ስትመራ በሬ ወጋት። ሲመሽ ፍርዱ ተሰማ፤ የኔታ ከእንግዲህ አይወጡም፤ ወንድምየው ጥምቀትን ውሎ ይመጣና ይወስዳቸዋል።

ይህ ነው ያቃጠለኝ። ሳይወድቁ ከወደቁ ጋር እኩል ሆነ። ስሜ ተጠራ፤ ስለዚህ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። የት እንዳጠፋሁ ግን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም።

አልጋ ላይ ሳለሁ የኔታ በየቀኑ በአጥሩ በኩል እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ በበትር እየጎተቱ ያመጧቸዋል፤ በበትር እየጎተቱ ይመልሷቸዋል። ስለ ቅኔ አያነሱም። ወጌሻው ቅቤ እንዲቀባልኝ ብቻ ያስታውሳሉ።

ከጥምቀት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መምህር ዳኛቸው መጣ። ገናን ሞጣ ቤተሰቦቹ ጋ ውሎ ነው የተመለሰው። አባዬም፣ የኔታም፣ እትዬ ማንጠግቦሽም ነበሩ። አልቀመጥም አለ። ፈተና የወደቀ ተማሪ መስሎ ቆመና «የዝና፣ አንድ ነገር ላርም ነው የመጣሁት» አለኝ።

ሞጣ አንድ ሆቴል ዲሽ ነበረው። ያን የዊንስተንን ጨዋታ እዚያ አየው። ምሰሶም ሽቦም የለም። ቆብ የደፉ ግዙፍ ሰዎች በሁለት መስመር ፊት ለፊት ይቆሙና ይጋፋሉ። ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አለው። እግር ኳስ ይሉታል፣ የሚይዙት ግን በእጅ ነው። ኳርተርባክ የሰው ስም አይደለም፤ ኳሱን የሚወረውረው ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው። ለመወርወር ወደ ቀኝ ሲዞር ከግራ የሚመጣበትን አያይም፤ ዕውር ጎን የተባለው ይኸው ነው። ተረቀቀ ያልኩትም ተመለመለ መባል ነበረበት አለ። ሰኞ ለክፍሉ በሙሉ አርመዋለሁ ብሎ ጨረሰ።

«ታዲያ መብራት አይሠራም ማለት ነው?» አለ አባዬ፣ ቅር ብሎት።

ትከሻዬ ሲገባ ካመመኝ ይልቅ ይህ አመመኝ። ለመዝገበ ቃላት ስህተት ብዬ እጄን አስወልቄያለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን ብለው እንደሚስቁብኝ ከወዲሁ ይሰማኝ ነበር።

የኔታ ጭራቸውን አስቀመጡ። ቅኔ ሊያርሙ ሲሉ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ።

«ወርዋሪው ከግራው የሚመጣውን ያያል?»

«አያይም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ በግራው ዕውር ነው። የሚመታው ከየት በኩል ነው?»

«ከዚያው ከግራ።»

«ወልደ ደሴት የሚቆመውስ?»

«እዚያው ነው።»

«ኳሱን ይነካል?»

«አይነካም።»

«ስሙስ?»

መምህር ዳኛቸው «ሲያጠፋ ካልሆነ አይጠራም» አለ።

«ልጄ፣ ሰሙን ስተኸዋል፤ ወርቁን ግን አግኝተኸዋል» አሉ የኔታ። «ሰኞ ሰሙን አርም። ወርቁን እንዳትነካው።»

ፊቴን ከግድግዳው መለስኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ በትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አቀርቅረዋል። የኔታ ወደ እሳቸው ዞሩ፤ ይህች ልጅ ጥፋቷ ምን እንደሆነ ንገሪኝ አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

«እኔ የፈራሁት ለእርስዎ ብቻ ይመስልዎታል? የሰው ልጅ ነበር የማስገድለው። እናቷን ምን ብዬ አያት ነበር?»

የመለሰላቸው ምንጊዜም ብዙ የማያወራው አባዬ ነው። ምሰሶ ላይ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ ከሥር የሚቆም ሁለተኛ ሰው አለ አለ። «ልጄ ያጠፋችው ነገር የለም። ያጠፋነው ብቻዋን ያወጣናት እኛ ነን።»

ወንድምየው ጥምቀትን ውሎ መጣ። ጠላውን ጠጣ፣ ከአጎቱ ጋር ሲያወራ አደረ፣ ያመጣውን ማር አስረክቦ ብቻውን ተመለሰ።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ማንጠግቦሽ በራችንን አንኳኩ። የእኔ እጅ ገና በመቀነት አንገቴ ላይ ታስሯል። የኔታ ከውጭ ቆመዋል፤ በትሩ የለም። እትዬ ማንጠግቦሽ አንቺ ከቀኝ ሁኚና እንዴት እንደሚደረግ አሳይኝ አሉኝ። በግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ነገርኳቸው። ቆሙ። ትንሽ ጠጋ ይበሉ አልኳቸው፤ ጠጋ አሉ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ሳዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልጠላሁትም።

ቦዩ ጋ ስንደርስ የኔታ ዘገም አሉ።

«ማነው በግራዬ?»

አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ከፊት ባጃጅ ይመጣል። እትዬ ማንጠግቦሽ ዓይናቸውን ከባጃጁ ሳይነቅሉ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። ባጃጁ ዞሮ አለፈ።

«ስም አይጠራም» አሉ።

የኔታ ፈገግ አሉና እርምጃቸውን አረዘሙ።